በሰም የተወለወለው ወለል

ፎቶግራፍ አንሺው ከፎቁ ጠርዝ ወድቆ፣ ጥቁሩ የካሜራ ጨርቅ አንገቱ ላይ እንደተጠመጠመ ምድር ቤት ተገኘ። ካሜራው ግን ላይ፣ በሦስት እግሩ ቆሟል።

ባልደረቦቿ «ጉንዳን» የሚሏት መርማሪ እንደ ልማዷ ከሰው ፊት በፊት ወለሉን አየች። ከፈረሰ ትምህርት ቤት የተነቀለ እንጨት ነው፤ ቀለም አልነካውም፤ በንብ ሰም ብቻ ተወልውሏል። ለጠርዙ መከታ ገና አልተገጠመለትም።

የሚጠየቁት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ የቤቱ ባለቤት፣ ቤቱን ያስዋበችው ዲዛይነር፣ እሷም የሟች ሚስት ናት፣ እና አባቷ አናጢው።

«እኔ ግቢ ውስጥ ከቧንቧ ሠራተኛው ጋር ነበርኩ» አለ ባለቤቱ። «ጠዋት ግን ሚስቱ ‹ገደል ግባ!› ስትለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ዲዛይነሯ አልካደችም። «ብዬዋለሁ። ለአንድ ክፍል ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ጠዋት አንድ ፎቶ፣ ከሰዓት አንድ ፎቶ፣ ከዚያው ቦታ። ብርሃኑ ሲዞር ላሳይ ይላል።»

«ሌላ የምትነግሪኝ የለም፣ እህቴ?»

ዓይኗ ወደ አባቷ ሄዶ ተመለሰ። «የለም። ከፈለግሽ እሰሪኝ።»

አናጢው ወንበር ሲቀርብለት እንኳ አልተቀመጠም።

«አማችዎን ይወዱት ነበር፣ አባባ?»

«አማቼ? ልጄ ነው እንጂ! ‹ሸረሪት› ነበር የምለው። ያንን ባለ ብዙ እግር ተሸክሞ ከጥግ ጥግ ሲል…» ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረ። «ምሳ ሲበላ ፎቁን ወልውዬ ጠበቅሁት።»

መርማሪዋ የካሜራውን ሁለት ፎቶዎች ጎን ለጎን አየች። በጠዋቱ፣ ምስሉ መስኮቱ ላይ ያልቃል። በከሰዓቱ፣ ከመስኮቱ ወዲያ ግድግዳው ይታያል። ወለሉ ላይ በደረቷ ተኝታ፣ በካሜራው እግሮች ሥር የተለጠፉትን ሰማያዊ የፕላስተር ቁራጮች መረመረች። ሦስቱንም ፎቁ ላይ ሰበሰበቻቸው።

«ሁለቱን ፎቶዎች ሊደራርባቸው ነበር። ስለዚህ እግሮቹ የሚያርፉበትን በሰማያዊ ፕላስተር ምልክት አደረገ። ከሰዓት ምልክቱን አምኖ ካሜራውን ተከለ፤ ጨርቁን ተከናንቦ አነሣ። ምስሉ ሰፋበት። ግራ ገብቶት፣ ጨርቁን እንደተከናነበ ወደ ኋላ አለ። ምልክቶቹ ግን አንድ እርምጃ ወደ ጠርዙ ተጠግተው ነበር።»

«አላልኳችሁም? እሷ ናት!» አለ ባለቤቱ።

«ቆይ ጌታዬ። ከውልወላው በኋላ ተነሥተው ቢሆን፣ በድሮው ቦታ ሰም ያልነካው እንጨት ይቀር ነበር። በደረቴ ተኝቼ ፈለግሁ፤ የለም። አዲሶቹ ምልክቶች ደግሞ የተለጠፉት ሰሙ ላይ ነው። ሰም ሲቀባ ተነሥተው፣ ሰም ከተቀባ በኋላ ተመልሰዋል። ያነሣቸውም…»

ዓይኗ አናጢው ላይ አረፈ።

አናጢው እጆቹን አየ። «ከሥሩ ሰም ሳይገባ እንዳይቀር ብዬ ነው። መልሼ ለጥፌዋለሁ እኮ። በዓይኔ ገምቼ።»

«አባዬ፣ ዝም በል!»

«ታውቂ ነበር?» አለች መርማሪዋ።

«ፕላስተሩን እንዳየሁ አወቅሁ» አለች ዲዛይነሯ በሹክሹክታ። «እኔ ብታሰር አንድ ቀን እወጣለሁ። እሱ ይህን ካወቀ ግን ከየት ይወጣል?»

ሽማግሌው ተንበረከከ። በመዳፉ ከፕላስተሩ ጀምሮ፣ ስንዝር በስንዝር፣ ወደ ድሮው ቦታ ለካ። ከዚያ በጥፍሩ አንዱን ሰማያዊ ቁራጭ ይልጥ ጀመር፤ ወደ ቦታው ሊመልሰው።

መርማሪዋ ማስረጃ ነው፣ አይነካም ማለት ነበረባት። አጠገቡ ተንበረከከች።