የፐ ትንፋሽ

ጥቅምት ፳፭ ቀን ፲፱፻፵፱ ዓመተ ምሕረት ፖርት ሰይድ በጭስ ተሸፍና ዋለች፤ በስዊዝ ቦይ ጠብ የእንግሊዝና የፈረንሳይ አውሮፕላኖች ሲደበድቧት ሰንብተዋል፤ መርከቦቻቸውም እየመጡ ነው ይባላል፤ የግብፅ መንግሥትም ጠመንጃውን ከነሣጥኑ አውጥቶ ለደረሰ ሁሉ አድሏል።

እንግሊዛዊቷ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሚስ ሂልዳ ከተከራየችው ፎቅ ወርዳ፣ የአከራይዋን የሲት ዘኪያን ጥቁር ጨርቅ ተከናንባ ቆማለች።

«ዝም ካልሽ አክስታችን ነሽ» አለች ዘኪያ፣ ጨርቁን ግንባሯ ላይ እየሳበች። «አፍሽን ከከፈትሽ ግን አለቀልን። ደግሞ ቀስ ብለሽ ተራመጂ፤ እንደ ወታደር አትርገጪ!»

የዘኪያ ልጅ ሰኒያ ሳቀች። ሚስ ሂልዳን ወደ መነኮሳቱ ሆስፒታል የምታደርሳት እሷ ናት፤ እዚያ ከገባች ማንም አይነካትም።

«አብላ፣ እጄን ይያዙ» አለቻት። መምህርታቸውን እንደዚያ ነው የሚጠሩት።

አረብኛ ፐ የለውም። ከተማዋንም ሰው ሁሉ «ቦር ሰይድ» ነው የሚላት። ሚስ ሂልዳ ስስ ወረቀት ከልጆቹ ከንፈር ፊት ትይዝና «ፖርት ሰይድ» ታስብላቸው ነበር፤ ወረቀቱ በፐ ትንፋሽ ካልተንቀጠቀጠ፣ «እንደገና!» ነው።

«አብላ፣ የገዛ አገራችንን ስም እርስዎ ያስተምሩን?» ያለችው ቀልደኛ ጥግ ቆማ ዋለች።

ሰኒያ ግን ለመደችው፤ ከመልመዷም ብዛት በአረብኛዋ መሀል ያመልጣት ጀመር። እናቷ፣ «ምራቅሽን ሰብስቢ!» ትላታለች።

ገበያው ጥግ ላይ አንድ ዘበኛ አስቆማቸው። ከሌላ አውራጃ የመጣ ነው፤ ሰፈርተኛውን አያውቅም። ሰላይ በጃንጥላ ወርዷል የሚል ወሬም ሰምቷል።

«ይቺ ማናት?»

«አክስቴ ናት፤ ደንቆሮ ናት ወንድሜ።»

«አንቺስ? ዓይንሽ የፈረንጅ ይመስላል።»

«እዚሁ ነው የተወለድኩት! እናቴን ጠይቃት።»

«እናትሽን ከየት ላምጣት? የት ነው የተወለድሽው? ስሙን ጥሪ!»

ሰኒያ ፈራች። ፍርሃት ደግሞ የለመደውን ያወጣል።

«ፖር ሰይድ።»

ሰኒያ ፊቷን የሸፈነችበት ጨርቅ ከከንፈሯ ፊት ተንቀጠቀጠ። ሚስ ሂልዳ አየችው።

«ሰማችሁ? ፖ አለች! ፖ!» አለ ዘበኛው።

ሰው ግር ብሎ መጣ። የሰኒያን ክንድ ይዘው ጎተቷት። ሚስ ሂልዳ አፏን ከፈተች።

«አክስቴን ተዉአት!» ጮኸች ሰኒያ፤ ዓይኗ ሚስ ሂልዳ ላይ ነው። «አትሰማም! አትናገርም!»

ሚስ ሂልዳ አፏን ዘጋች። እኔ ነኝ ያስተማርኳት ብትል ምናልባት ልጅቷን ባዳነቻት፤ ምናልባትም ሁለቱም እዚያው በተገደሉ። አልተናገረችም። ሆስፒታሉ ቅርብ ነበር፤ ቀስ ብላ ተራምዳ ገባች።

በማግስቱ ዘኪያ የልጇን የልደት ወረቀት ይዛ ሰኒያ ወደታሰረችበት እስር ቤት ሮጠች። እስር ቤቱ የለም፤ የእንግሊዝ ቦምብ ቀድሟታል።

ታሪክ ከሰማይ የወረደውን ጦርና ቦዩ ውስጥ የሰመጡትን መርከቦች መዘገበ፤ የእንግሊዝ ጋዜጦችም ዜጎቻቸው በደህና መውጣታቸውን ጻፉ፤ እውነት ነው፣ ሚስ ሂልዳ ወጥታለች። የሰማዕታቱ ስም በድንጋይ ሲቀረጽ ሰኒያ ቀረች፤ በሰላይነት ተይዛ ነበርና።

ሚስ ሂልዳ ኋላ ኩዌት ሄዳ አስተማረች። አንዲት ተማሪ እስክሪብቶዋን ከፍ አድርጋ፣ «ቤን» አለች።

«ልክ ነው» አለቻት። «ተቀመጪ።»