ስክሪኑ ላይ ብቻ የሚታየው ብርሃን

«ሟቹ የተገኙት ቀዶ ጥገና ክፍል ነው፤ ቢላዋ ግን አልነካቸውም» የሚል ነበር ለኢንስፔክተሯ በስልክ የደረሳት ጥሪ። ባልደረቦቿ «ለምን» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውላታል፤ ከዚህች ቃል ሌላ አታውቅም እያሉ ያሟታል። ሕፃናት ሆስፒታሉ ስትደርስ ሟቹን ፕሮፌሰር በቀዶ ጥገና ካሜራው ፊት ባለው ወንበር ላይ ደገፍ ብለው አገኘቻቸው። እንቅልፍ ሸለብ ያደረጋቸው ይመስላሉ። የግራ እጅጌያቸው ብቻ ከክርናቸው በላይ ተጠቅልሏል።

የክርናቸው እጥፋት ላይ የመርፌ ቀዳዳ አለ። ከማደንዘዣው ቁም ሣጥን ደግሞ ጡንቻ የሚያሽመደምደው መድኃኒት አንድ ብልቃጥ ጎድሏል። ያንን የተወጋ ሰው መተንፈሻ ካልተገጠመለት እያወቀ፣ እየሰማ ትንፋሹ ይቆማል።

የትግል ምልክት ያልታየበት ምክንያት ወዲያው ተገለጠላት። ፕሮፌሰሩ ወገባቸውን ስለሚያማቸው ከቀዶ ጥገና በፊት ማስታገሻ ይወጉ ነበር። ዓይናቸውን ጨፍነው ክንዳቸውን የሚሰጡት ለሦስት ሰዎች ብቻ ነው፤ ለምክትላቸው፣ ለማደንዘዣ ሰጪዋና ነርስነቱን ትቶ ካሜራ ላይ ለተቀመጠው፣ ከቅጥነቱ የተነሳ «ሽቦ» ለሚሉት ባለሙያ። ከሦስቱ አንዱ አምነው በሰጡት ክንድ ገድሏቸዋል።

ኮሪደሩ ላይ አንዲት እናት ልጇን አቅፋ ተቀምጣለች። የልጅቷ ጉበት ላይ ያለው ዕጢ አንድ ጊዜ ወጥቶላት ተመልሶ የመጣ ነው። ሽቦ ነገሩን አስረዳ። ከቀዶ ጥገናው አንድ ቀን በፊት ልዩ ቀለም በደም ሥር ይሰጣል፤ ጤነኛው ጉበት ሲያስወግደው ዕጢው ይዞት ይቀራል። መብራት ጠፍቶ ካሜራው ሲከፈት ዕጢው ስክሪኑ ላይ ያበራል፤ ሐኪሙም የሚያበራ ነገር እስኪጠፋ ይቆርጣል። ልጅቷ ቀለሙን ትናንት ወስዳለች። ዕጢው ትልቁን የደም ሥር ሊነካ ጥቂት ስለቀረው ነገ የሚባል ነገር የላትም። ይህን ሥራ የሚችሉት ደግሞ ሟቹና ምክትላቸው ብቻ ናቸው።

«እርስዎ ምርመራዎን እስኪጨርሱ ልጄ ትጠብቅ ነው የሚሉኝ?» አለቻት እናትየው።

ኢንስፔክተሯ ሁለቱን መንገድ መዘነች። ብትዘገይ ልጅቷ ታልቃለች፤ ብትቸኩል ነፍሰ ገዳይ በልጅቷ ሆድ ላይ ቢላዋ ይዞ ይቆማል። ሁለቱም አስፈሯት። እናትየው ግን አንድ ነገር ጨመረችላት፤ ፕሮፌሰሩ ትናንት «ስለ መጀመሪያው ቀዶ ጥገና ጠዋት የምነግርሽ አለኝ» ብለዋት ነበር። ያንን የሠራው ምክትሉ ነው።

ማደንዘዣ ሰጪዋ በዚያ ሰዓት ልብስ ስትቀይር እንደነበረች ተናገረች፤ ያያት ሰው የለም። ሽቦ ሬሳውን ያገኘው ከምክትሉ ጋር ሲገባ ነው። መብራቱ በርቷል፤ ካሜራው ዝግ ነው። እሱን የገረመውም ይኸው ነበር፤ ፕሮፌሰሩ ሁልጊዜ ጠዋት ጨርቅ ላይ ቀለም ጠብ አድርገው ካሜራውን ይሞክራሉ፤ አንዴ ከከፈቱትም አያጠፉትም።

ምክትሉ ረጋ ብሎ ተናገረ። «ስገባ ክርናቸው ላይ ቀለሙ ቦግ ብሎ ሲያበራ አየሁ። ትናንት ቀለሙን ስትሰጥ የዋለችው ማን እንደሆነች ጠይቁ። ሌላ የምለው የለኝም።» ዓይኑን ማደንዘዣ ሰጪዋ ላይ ጣለ።

ኢንስፔክተሯ መነጽሯን አድርጋ የሟቹ ክንድ ላይ አጎነበሰች። ከመርፌው ቀዳዳ በቀር ምንም አልነበረም።

ብዙም ሳትቆይ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው፤ እናትየውም በሩ ላይ ቆመች። ሬሳው ተሸፍኖ የግራ ክንዱ ብቻ ወጥቷል።

«እዚህ ክንድ ላይ የሚያበራ ነገር የሚታየው ሰው አለ?»

ሁሉም አንገታቸውን አስግገው አዩ። ለማንም የታየው ነገር የለም። መብራቱን አስጠፍታ ካሜራውን ስታስከፍት ስክሪኑ ላይ የጣት ጫፍ የምታህል አረንጓዴ ነጠብጣብ ፏ ብላ ወጣች።

«ፕሮፌሰሩ ካሜራውን ሲሞክሩ ገዳዩ ገባ» አለች። «ማስታገሻ ነው ብሎ ወጋቸው፤ የመርፌውንም ቦታ ጨርቁ ላይ ያለው ቀለም በነካው ጣቱ ጫነው። ያቺ ቅንጣት ለዓይን አትታይም፤ የምታበራው ስክሪኑ ላይ ብቻ ነው፤ ያኔ እዚያ ላይ ያያት ገዳዩ ብቻ ነው። ከዚያ ካሜራውን አጥፍቶ፣ መብራት አብርቶ ወጣ። ሬሳው ሲገኝ ካሜራው ዝግ ነበር። ታዲያ ዶክተር፣ እርስዎ ብርሃኑን በምን ዓይን አዩት?»

የምክትሉ ፊት አመድ መሰለ። ዕድሜውን ስክሪን ላይ አፍጥጦ የኖረ ሰው ነውና ማሽኑ ያሳየውና ዓይኑ ያየው አንድ ሆነውበት ነበር። ከመንገድ የመጣ ሰው ይህን ስህተት አይሠራም።

«እጅዎን እዚህ ካሜራ ሥር ያድርጉልኝ» አለችው። ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«ለምን?» አለችው ቀስ ብላ።

«ልጅቷን መጀመሪያ ስሠራት ደም ሥሩ አጠገብ ትንሽ ያበራ ነበር» አለ። «መንካቱን ፈራሁ። ካሜራውን አጥፍቼ ‹ጨርሰናል› አልኩ። ዕጢው እዚያው ሲበቅል ፕሮፌሰሩ ገባቸው። ለእናትየው ሊነግሯት ነበር።»

ካቴናው ሲወጣ ቀና አለ። ዛሬ ካልተሠራላት ልጅቷ እንደማትተርፍ፣ ሠርቶ ሲጨርስ እንዲያስሩት ለመነ። ማደንዘዣ ሰጪዋ እንባዋን እየጠረገች፣ የልጅቷ ነገር እውነት መሆኑን መሰከረች። ኢንስፔክተሯ ሕጉ ምን እንደሚል ታውቃለች፤ ግን ወደ እናትየው ዞረች።

እናትየው ወደ ምክትሉ ቀረበች። በጥርሷ ብትቦጭቀው በወደደች።

«ይሥራላት» አለች። «እኔ ግን ስክሪኑ ፊት እቆማለሁ።»

ካሜራው ወደሚቀጥለው ክፍል ተገፋ። ልጅቷ ተኛች። ኢንስፔክተሯ ካቴናውን ይዛ በሩ ላይ ቆመች፤ መብራቱ ጠፋ። ምክትሉ ለረጅም ጊዜ ሠራ፤ ላብ አጠመቀው። በመጨረሻ ቀና ብሎ እጁን ወደ ካሜራው ማጥፊያ ዘረጋ።

«ጨርሰናል።»

«አልጨረስክም» አለች እናትየው ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። «አሁንም ያበራል።»

እጁን መልሶ ቢላዋውን አነሳ።