በእራቱ ላይ ያልተጠራችው ጃኔል

ማርሊስ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ቤቷ ሚኔሶታ ውስጥ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ አባቷ የወተት ላሞች የሚያረባበት እርሻ ላይ ነው። ስታነብ ድምፅዋ ደስ ይላል። ይህን ራሷም ታውቀዋለች፤ እንዲያውም ትንሽ አብዝታ ታውቀዋለች።

ልጆች፣ የዛሬው ታሪክ ደስ የሚል አይደለም። ቢሆንም ስሙኝ። አንተም እግርህን ከወንበሩ ላይ አውርድ።

ማርሊስ የገጠር ልጆች ክበብ አባል ናት። ክበቡ ቋሚ ፈንድ አለው። ቋሚ ፈንድ ምን መሰላችሁ? ሰዎች የሰጡት ገንዘብ ይቀመጣል፤ ዋናው አይነካም። በየዓመቱ ትርፉ ብቻ እየወጣ ልጆች ይማሩበታል። ስለዚህ ለዚህ ፈንድ የሚሰጥ ሰው ገና ላልተወለዱ ልጆች ጭምር ያስባል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው መመስገን አለበት ወይስ የለበትም? አለበት እንጂ።

ለዚሁ ሲባል በየዓመቱ ጥቅምት ላይ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት እራት ይዘጋጃል። ለእያንዳንዱ ሰጪ አንድ ልጅ ይመደብለታል። ልጁ ከሰጪው አጠገብ ተቀምጦ ይበላል፤ ከዚያ መድረክ ላይ ወጥቶ የሰጪውን ስም ይጠራል። የተጠራው ሰው ይነሣል፤ ልጁ ደረቱ ላይ አረንጓዴ ሪባን ይሰካለታል፤ አዳራሹ ያጨበጭባል። በሞተ ሰው ስም የተሰጠ ከሆነ የሚጠራው የሟቹ ስም ነው፤ የሚነሣው ግን ዘመዱ ነው።

ማርሊስ የተመደበችው ለሚስተር ቨርሊን ኦስትቢ ነበር። ሽማግሌ ናቸው፤ ወሬ አያበዙም። ሚስታቸው ሞታለች። ጃኔል የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፤ እሷም የዚሁ ክበብ አባል ነበረች፤ በአሥራ አራት ዓመቷ ታማ ሞተች። ይህ ከሆነ ብዙ ጊዜ ነው። ሚስተር ኦስትቢ ዘንድሮ ጉልበታቸው ሲደክም ላሞቻቸውን ሸጡና ገንዘቡን በጃኔል ስም ለፈንዱ ሰጡ። የክበቡ ኃላፊ ሚስስ ሩድ ስማቸውን በነሐስ አስቀርጸው ግድግዳ ላይ ሊሰቅሉላቸው ፈልገው ነበር።

"ነሐሱ ይቅርብኝ" አሉ ሚስተር ኦስትቢ። "ከልጆቹ አንዱ ስሟን ይጥራልኝ። እሱ ይበቃኛል።"

የእራቱ ቀን ማርሊስ ኮቷን ስትሰቅል ጓደኛዋ ዳርላ ክንዷን ጎተተቻት።

"ሰማሽ? ኬሲ ታሞ ቀርቷል።"

"ታዲያ እኔ ሐኪም ነኝ?"

"አንቺ ደግሞ! ከሚስተር ኬሰል ጋር የሚቀመጠው እኮ እሱ ነበር።"

ሚስተር ኬሰል ትራክተር ይሸጣሉ። ከሁሉ የበለጠ የሚሰጡት እሳቸው ናቸው። በየዓመቱም አጠገባቸው ለተቀመጠው ልጅ አንዲት ጊደር ይሰጡታል። ማርሊስ የራሷ የምትላት ጊደር ኖራት፣ አሳምራ አጥባ፣ ከብት በሚወዳደርበት የእርሻ ትርኢት ላይ ይዛት ለመቅረብ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትመኝ ኖራለች። 

"የኔ ሽማግሌስ?" አለች።

"ሌላ ሰው ያነብላቸዋል። ደግሞ እሳቸው አንድ ቃል አይወጣቸው፤ እራትሽን ሙሉ ከግድግዳ ጋር ስታወሪ ልታመሺ ነው?"

ማርሊስ ሳቀች። መሳቅ አልነበረባትም። ከዚያ ወደ ሚስስ ሩድ ሄደች። ሚስስ ሩድ በሁለት እጃቸው ትልቅ የድንች ትሪ ይዘዋል።

"ሚስስ ሩድ፣ በኬሲ ቦታ እኔ ልቀመጥ?"

"ሚስተር ኦስትቢስ?"

"ዳርላ ትተካኛለች።"

"ጎሽ፣ እንደሱ ከሆነ ሂጂ" አሉና በድንቻቸው ሄዱ።

አያችሁ ውሸት ስታንስ? ሁለት ቃል ብቻ ናት። ዳርላ የራሷ ሰጪ አላት፤ ማርሊስም ምንም አልጠየቀቻትም።

ሚስተር ኦስትቢ ጥቁር ሱፋቸውን ለብሰው፣ ፀጉራቸውን በውኃ አበጥረው ቀደም ብለው መጥተዋል። አጠገባቸው ያለው ወንበር ባዶ ነው። ዳቦ ሲዞር አንዱን አንሥተው በባዶው ሳህን ላይ አስቀመጡ። የተመደበችላቸው ልጅ ስትመጣ እንዳያልቅባት ብለው ነው።

ሚስተር ኬሰል ዘንድ ግን ሳቅ በሳቅ ነው። "ኬሲ፣ ዛሬ ደግሞ ቀሚስ አምሮብሃል" አሏት ማርሊስን፤ ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። ተራዋ ሲደርስ መድረክ ላይ ወጥታ የሳቸውን ስም እንደ ደወል ጥርት አድርጋ ጠራች። ሪባኑን ሰካችላቸው። ጭብጨባው ብዙ ነበር።

ቀጥሎ የሙታን ስም ተጠራ። ልጆቹ አንድ በአንድ እየወጡ አነበቡ፤ ዘመዶች ተነሡ። ሚስተር ኦስትቢ የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ። ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፉ። የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዘው ከወንበራቸው ከፍ ብለው ጠበቁ። ማንም አልወጣም።

"እንግዲህ ጣፋጩ ፓይ ሳይቀዘቅዝ እንብላ" አሉ ሚስስ ሩድ፣ ስሙ ሁሉ ያለቀ መስሏቸው፣ በማይክሮፎኑ።

ሚስተር ኦስትቢ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

ማርሊስ ይህን በዓይኗ አየች። ብድግ ብላ "ቆዩ፣ አንድ ስም ቀርቷል" ብትል ይበቃ ነበር። ልክ በዚያ ሰዓት ሚስተር ኬሰል ወደ እሷ ዘንበል አሉ።

"ጊደሪቱን ማን ብለሽ ልትጠሪያት ነው?"

"ክሎቨር" አለች ማርሊስ።

ሌላም ሰው አይቷል፤ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን እዚያ አገር ሰው ፊት ነገር ማንሣት አይወደድም። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ፎጣውን አጣጠፈ። ሚስተር ኦስትቢም የልጄን ስም ዘለላችሁ ብለው የሚናገሩ ሰው አይደሉም። ይህን ሰዎች ጨዋነት ይሉታል። እኔ ሌላ ስም አለኝ፤ ለልጆች ግን አይነገርም። ሚስተር ኦስትቢ ፓዩን ሳይቀምሱ፣ ምግብ የሠሩትን ሴቶች አመስግነው ወጡ።

ቅዳሜ ጊደሪቱ መጣች። የማርሊስ አባት በረቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ አያት።

"ለኦስትቢ ማን ነበር የተመደበው?" አለ።

ማርሊስ መሬት መሬት አየች። "እኔ።"

"ጃኔል የክፍል ጓደኛዬ ነበረች። እራቱ ላይ ስሟ ሲጠራ ልሰማ ጠብቄ ነበር።"

"አንተስ አባዬ፣ ለምን አልተናገርክም?"

አባቷ የበረቱን በር ዘጋ። "መኪናው ውስጥ ግቢ" አለ።

የሚስተር ኦስትቢ ቤት በካርቶን ተሞልቷል። ማርሊስ ገና በሩ ላይ ሆና ጀመረች።

"ሚስተር ኦስትቢ፣ የርስዎ አንባቢ እኔ ነበርኩ። ጊደር አማረኝና ጥዬዎት ሄድኩ። ዋሽቻለሁም። ይቅር ይበሉኝ።"

"ይቅር ብዬሻለሁ" አሉ። ከልባቸው ነው ያሉት። ማርሊስን ግን አልቀለላትም።

"አሁን ስሟን ልጥራልዎት?"

"የለም፣ ልጄ። እዚህ ቤትማ እኔው በየቀኑ እጠራታለሁ። የሚያውቋት ሰዎች ፊት፣ ከሌላ ሰው አፍ መስማት ነበር የፈለግሁት።"

"በሚቀጥለው ዓመት አነባለሁ። ቃሌ ነው።"

"አንብቢ። እኔ ግን አልኖርም። ማክሰኞ አሪዞና እኅቴ ዘንድ እሄዳለሁ፤ እዚያው ነው የምቀረው። ይህን መንገድ ድጋሚ አልችለውም።"

አባቷ ኮፍያውን አውልቆ አንዱን ካርቶን አንሥቶ ወደ በሩ አስጠጋላቸው። 

ማርሊስ ጊደሪቱን መለሰች። ሚስተር ኬሰል ነገሩ አልገባቸውም፤ "ምነው፣ አንዲት ጊደር እኮ ናት!" ብለው ሳቁና ለዳርላ ሰጧት። ዳርላም በትርኢቱ አንደኛ ወጣችባት። ንስሐ የገባ ሁሉ ወዲያው ይሸለማል ያላችሁ ሰው ካለ፣ እኔ አይደለሁም።

በዓመቱ እራቱ ደረሰ። ማርሊስ መድረክ ላይ ወጥታ "ጃኔል ኦስትቢ" ብላ ጠራች። እንደዚያን ቀን አሳምራ አንብባ አታውቅም። አዳራሹ ረጅም ጊዜ አጨበጨበ፤ ያለቀሱም ነበሩ። የሚነሣ ግን አልነበረም። ሪባኑን ይዛ ቆመች፤ ሚስስ ሩድ መጥተው ትከሻዋን ይዘው እስኪያወርዷት ድረስ እዚያው ቆመች።

ልጆች፣ የሰው ምስጋና በእጃችሁ ካለ ሰውየው ፊታችሁ ሳለ ስጡት፤ በኋላ ከእግዚአብሔርም ከሰውም ይቅርታ ታገኛላችሁ፣ ያን ሰዓት ግን ማንም አይመልስላችሁም።