ዋናውና አጋዡ

«አንገትሽን ቀና አድርጊ። ጆሮሽ ቢቆረጥ የለሁበትም» አላት ወንድሟ።

ሚጣ ቀና አለች። ፀጉር ቤቱ ከስንት ጊዜ በኋላ ዛሬ መከፈቱ ነው፤ የመጀመሪያዋ ደንበኛም እሷ፣ ታናሽ እህቱ ነች። በመስታወቱ ውስጥ ዓይኗን ከእጆቹ ላይ መንቀል አቃታት። አቤት እነዚያ እጆች! ማበጠሪያው ያነሳል፣ መቀሱ ከተል ይላል። ለወራት ብርድ ልብስ ከመጎተት በቀር ሥራ አልነበራቸውም። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቶ፣ ሲጠሩት እንኳ ዞር አይልም ነበር። ድብርት ነው ተባለ። እሷ «ደበረኝ» የምትለው ዓይነት መስሏት ነበር፤ ለካ ሰውን ከነሳቁ የሚውጥ ነገር ነው። ዛሬ ያው ሰው ይቀልድባታል። ጉድ እኮ ነው።

ያከመችው ሐኪም በመጀመሪያ የድብርት መድኃኒት አዘዘችለት፤ ቀስ በቀስ አልጋው ላይ ቁጭ ማለት ጀመረ። ቆይታ ደግሞ የደም ምርመራው ዚንክ እንደሚያንሰው ሲያሳይ የዚንክ ኪኒን ጨመረችበት። በሰው ገላ ያለው ዚንክ በሙሉ ቢሰበሰብ አንድ የሻይ ማንኪያ እንደማይሞላ ስትነግራቸው ሚጣ አፏን ከፍታ ቀረች። ያቺን የምታክል ነገር ጎድላ ነው ይህን የሚያክል ሰው የሚጎዳው? ሐኪሟ ግን ቶሎ ብላ አረመቻት። ዚንኩ አጋዥ ነው፤ አንዳንዱን ይረዳል፣ አንዳንዱን ላይረዳ ይችላል፤ የዋናውን መድኃኒት ቦታ ግን አይተካም።

የግራው ጎን አልቆ ወደ ቀኙ ሲዞር ወንድሟ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ከነገ ጀምሮ ዋናውን ሊተወው ነው። ከአልጋ የወረደው ዚንኩ ከተጨመረ በኋላ አይደል? እንግዲያው ያዳነው እሱ ነው። ኪኒኑን የምትቆጥረው እናታቸው እንዳትባንንበት ደግሞ ሚጣ በየጠዋቱ አንድ ፍሬ ሽንት ቤት ትጣልለት።

«ዚንክ ማዕድን ነው፤ ማንም ቢያይብኝ አላፍርም። ያኛው ግን የእብድ መድኃኒት ነው። ደንበኛ ቢሰማ፣ ምላጭ ለያዘ ሰው አንገቱን ይሰጣል?»

 ሚጣ እሺ ብትለው ደስ ይለዋል፤ ደስ ሲለው ማየት ደግሞ ናፍቋት ነበር። ግን ያ ወደ ግድግዳ የዞረ ጀርባ ተመልሶ ቢመጣስ? በጣም ፈራች። ፎጣውን ከአንገቷ ፈታችና ተነሳች።

«ምን ሆነሻል? ገና ግማሹ እኮ ነው።»

«አልጥልልህም። ያሰብከውን ራስህ ደውለህ ለሐኪሟ ንገራት። እስከዚያ ፀጉሬን አትነካም።»

«ነገ እንዲህ ሆነሽ ትምህርት ቤት ልትሄጂ? ሙድ ነው የሚይዙብሽ።»

«ይያዙ።»

መስታወቱን አየች፤ ግራው ጆሮዋ ላይ፣ ቀኙ ትከሻዋ ላይ። የክፍሏን ልጆች ስታስባቸው እንባዋ መጣ። ቢሆንም ደብተሯን ይዛ ወጣችና መንገደኛ ሁሉ በሚያያት ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ የቤት ሥራዋን ጀመረች። አንዲት ሴትዮ ቆም ብለው ፀጉሯን አዩ፣ የቤቱን ማስታወቂያ አዩ፣ ራሳቸውን ነቅንቀው አለፉ።

«አንቺ ልጅ፣ ደንበኛዬን ልትጨርሺው ነው?» አለ ከውስጥ።

ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች። ኋላ መቀሱ መደርደሪያው ላይ ሲቀመጥ ተሰማት፤ ቀጥሎም የሱ የማይመስል ቀጭን ድምፅ።

«ሄሎ፣ ዶክተር… አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር።»

ሚጣ ልቧ ዘለለ። ሊያፍር ይችላል ብላ ግን ዞር አላለችም፤ አንገቷን ደፍታ መጻፏን ቀጠለች።