ከመስታወት ቤቱ የወጣው ቁጥቋጦ

አይዛክ ፊረን የሞተው ተክሎቹን ከብርድ በሚያስጠልልበት የመስታወት ቤት ውስጥ፣ በገዛ ወንበሩ ላይ፣ ባርኔጣውን እንዳደረገ፣ እግሮቹን ወደ ጠፋው የነጭ ጋዝ ምድጃ ዘርግቶ ነው። ፊቱ ቀላ ብሎ ስለነበር መጀመሪያ ያገኘው ጎረቤቱ ጆስ ሬልፍ የተኛ መስሎት ሰደበው። መልስ ሲያጣ አክፍቶ ሰደበው። እጁን ይዞ ሊያስነሳው ሲል ነው ሽማግሌው ከቀዘቀዘ መቆየቱን ያወቀው።

ኤልስትዌይት በምትባለው በዚያች የሰሜን እንግሊዝ መንደር ከባድ ውርጭ ባደረ ማግስት ሰው ከሰው ሲገናኝ «እንዴት አደርክ?» አይባባልም፤ «ምን ሞተብህ?» ነው የሚባባለው። የተጠየቀው የሞቱበትን ተክሎች ይቆጥራል፣ ጠያቂው ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ከዚያ ተራው የእሱ ይሆናል። በጋው እንኳ ኮት በማያስወልቅበት አገር ከብራዚልና ከቺሊ የመጣ የፍሬ ቁጥቋጦ አበቅላለሁ ብሎ ዕድሜውን የሚጨርስ ሰው ሌላ ሰላምታ ከየት ያመጣል? ከጤነኛ ሰው የሚጠበቅ ሥራ አይደለም። ያም ሆኖ መንደሩ ከዚህ ሌላ ደስታ አልነበረውም።

ኢንስፔክተር ሄስተር ዳከር በግንብ የታጠረውን የመንደሩን የአትክልተኞች ማኅበር የአትክልት ቦታ በር አልፋ ስትገባ ሦስት ሰዎች በመስታወት ቤቱ ደጃፍ ቆመው ጠበቋት። አንደኛው ጆስ ነው፤ ባሮ ሽንኩርት ከማሳደግና ከመጨቃጨቅ በቀር ሥራ የሌለው ጡረተኛ። ሁለተኛው ክሌመንት፣ የሟቹ የወንድም ልጅ። ሦስተኛዋ ባሏ ዊልፍ ከሞተ ብቻዋን የምትኖረው ዶሪን ቲንየን ናት። የአትክልት ቦታው ቁልፍ ከሟቹ ሌላ በእነዚህ በሦስቱ እጅ ብቻ ነበር።

«ምን ሞተብህ እንዳልለው ራሱ ሞተብኝ» አለ ጆስ። «ግን አንቺ ልጅ፣ ስትገቢ ጥግ ላይ ያለችውን ሎሚዬን እስቲ አየት አድርጊልኝ። አለች?»

«አቶ ሬልፍ፣ የሞተው እኮ ሰው ነው።»

«አየሁት እኮ! እሱን እንግዲህ ማን ያድነዋል? ሎሚዋን ግን ቶሎ ከደረሱላት...»

ክሌመንትም አፈር እያለ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የአጎቴ ተክሎችስ እንዴት ሆኑ?» ብሎ ጠየቀ። ዶሪን ከፔርሙሱ ሻይ ቀድታ ለኢንስፔክተሯ ዘረጋችላት። «ጠጪ ልጄ፣ እጅሽ ደርቋል» አለች። ሌላ ነገር አልተናገረችም።

ሄስተር ገባች። ሐኪሙ ሥራውን ጨርሶ ነበር። በተዘጋ ቤት ከሰል እንደሚገድለው ሁሉ የገደለው የታፈነ እሳት ነው አላት። አይዛክ ብርድ እንዳይገባ ቀዳዳውን ሁሉ በአሮጌ ጆንያ ጠቅጥቆ፣ የጣሪያውን መስኮት ግን ሁልጊዜ በትንሹ ገርበብ አድርጎ ነበር የሚያድረው። መስኮቱን የሚይዘው ገመድ የሚታሰረው በሩ አጠገብ ካለ ምስማር ላይ ነው። አሁን ገመዱ ተፈቷል፤ መስኮቱም ተዘግቷል።

«ሽማግሌ አይደል፣ ረስቶት ነው» አለ አብሯት የመጣው ሳጅን።

ሄስተር ግን ወለሉን ነበር የምታየው። ከሎሚዋ፣ ከፓሲዮን ፍሬው ሐረግ፣ ከሁሉም ቅጠል ረግፎ ወለሉን ሸፍኖታል። አንዱን አነሳችና ወደ ደጅ ወጣች።

«አቶ ሬልፍ፣ ውርጭ የመታው ቅጠል እንዲህ አረንጓዴ እንደሆነ ይረግፋል?»

«ውርጭማ ያጠቁረዋል። ይሄ የምድጃው ሥራ ነው። አየር ያጣ ምድጃ ሰው ሳይገድል በፊት ቅጠል ያራግፋል። እዚህ ግቢ ይህን የማያውቅ የለም። ውይ ሎሚዬ!»

በዚህ ጊዜ ነው ሄስተር በደቡቡ ግንብ ሥር ጎማ ባለው ጣውላ ላይ የቆመውንና በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለውን የተክል ማሰሮ ያየችው። የጨርቁን ጫፍ ገለጥ አደረገች። ጀርባቸው ብር የመሰለ ጠንካራ ቅጠሎች አንድም ሳይረግፍ ሙሉ ነበሩ።

«ይሄስ? ለምን ውጭ አደረ?»

«ፌጆዋ ነው» አለ ክሌመንት ግራ ተጋብቶ። «የዘይቱን ዘመድ ነው፤ ፍሬው ግን አናናስ አናናስ ይላል። ቦታው ከአጎቴ ወንበር ጀርባ፣ ሙቀቱ ጋ ነበር። ለምን እንዳወጡት አላውቅም።»

ሄስተር የታፈነው አየር እንዲወጣ የመስታወት ቤቱ በር ተከፍቶ እንዲቆይ፣ ማንም ሰው ግን ወደ ውስጥ ዝር እንዳይል አዘዘች። ከምርመራ አንጻር ትክክለኛ ትእዛዝ ነበር። ውርጩ በዚያ ሳምንት ሌት ሌቱን እየከፋ ሄደ፤ ምድጃውንም የሚያቀጣጥል አልነበረም።

ከሞቱ አሟሟቱ እንዲሉ፣ ወሬው በመንደሩ ሲዛመት ጣት ሁሉ የተቀሰረው በክሌመንት ላይ ነው። ነጩ ጨርቅ የእሱ ነበር። የአጎቱም ቤት ለእሱ ይቀራል። ሄስተር በአትክልቱ መካከል ቆሞ አገኘችው።

«ጨርቁ የእኔ ነው፣ አልክድም» አላት። «ግን የሚቀመጠው ሁላችንም በምንገባበት የዕቃ ቤት ነው። ለምን ብዬ ነው የምገድላቸው? ጉልበታቸው ስለደከመ ከተማ እኔ ዘንድ ሊገቡ ተስማምተን ነበር። ሁለቱን ፌጆዋዎች ሰኞ ዕለት ደቡብ ላለ ትልቅ የአትክልት ስፍራ ልናስረክብ ቃል ገብተናል። እዚያ የሚንከባከባቸው አለ።»

«ሁለት ናቸው?»

«ሁለት ናቸው። ሌላው ያው እውስጥ ቅጠሉን አራግፎ ቆሟል።»

ጆስ ባሮ ሽንኩርቱን በአሮጌ ምንጣፍ እያለበሰ ነበር። ከአይዛክ ጋር ሲጨቃጨቁ የሰማ ስንት ሰው እንዳለ ሄስተር ነገረችው።

«ስንት ሰው? አገሩ በሙሉ ነው እንጂ! ያገሩ ሽንኩርት ምን አደረገህ ብዬ ዘወትር እሰድበው ነበር። እሱም መልሶ ይሰድበኝ ነበር፤ እንዲህ ነው የኖርነው። አሁን ማን ይሰድበኛል?» ጆስ ምንጣፉን ትቶ ቀና አለ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። «ይልቅ ያቺን ዶሪንን አደራሽን እንዳታስደነግጫት። ያ ውጭ ያለው ቁጥቋጦ የዊልፍ ነው። ከዘር አብቅሎት፣ እንደ ልጅ አሳድጎት፣ ሊሞት ሲል ነው ለአይዛክ የሰጠው፤ እሷ የመስታወት ቤት ስለሌላት። ልጅ አልወለዱም። ከዊልፍ የቀራት እሱ ብቻ ነው።»

«ሰኞ እንደሚሄድ ታውቃለች?»

«እኔ ነኝ የነገርኳት» አለ ጆስ። ከዚያ ምንጣፉን አንስቶ ወደ ሽንኩርቱ ተመለሰ።

ዶሪን ኢንስፔክተሯን ወጥ ቤቷ አስገብታ ብስኩት አቀረበችላት። በመስኮቱ በኩል ትንሿ የጓሮ አትክልቷ ትታያለች። የጽጌረዳዎቿና የበለሷ ሥር በሙሉ ከተራራ በታጨደ፣ ፈርን በሚባል ደረቅ ቅጠላማ ሣር ተጎዝጉዞ ነበር።

«ዊልፍ ነው ያስለመደኝ» አለች ዶሪን የሄስተርን ዓይን ተከትላ። «ጨርቅ ቅጠል ያድናል፣ ሥር ግን አያድንም ይል ነበር። በየመከር ተራራ ወጥቼ አጭዳለሁ። ሌላው ሰው ይሰንፋል።»

«አይዛክ ቁጥቋጦውን እንዲመልስልዎ ጠይቀውት ያውቃሉ?»

«ለመንኩት። እሁድ ዕለት ሄጄ ለመንኩት።» የሻይ ስኒዋን አሽከረከረች። «"አንቺ ጋ አያፈራም ዶሪን" አለኝ። ይኸው ነው መልሱ። በየዓመቱ ኅዳር ላይ የባሌን ዛፍ ፍሬ አንዲት በሳህን አድርጎ ያመጣልኝ ነበር፤ እንደ ምጽዋት።»

ሄስተር ከዚያ ቀጥታ ወደ ግንቡ ተመለሰች። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ነጩን ጨርቅ ከላይ እስከ ታች ፈታችው። ማሰሮው ዙሪያውን በወፍራሙ በደረቅ ፈርን ተጠቅጥቆ ነበር። ብዙ ጊዜ ቆማ አየችው፤ ደስታ ግን አልተሰማትም። ከዚያ በጥንቃቄ መልሳ ጠቀለለችው።

በሳምንቱ መጨረሻ ሦስቱንም ማኅበሩ በሚሰበሰብበት የቆርቆሮ ቤት ጠራቻቸው። ሳጅኑ በሩ ላይ ቆመ። በዚያች ሌሊትም ውርጭ አድሮ፣ በመስኮቱ መስታወት ላይ የጋገረው በረዶ ገና አልቀለጠም ነበር።

«አይዛክ ፊረን መስኮቱን አልረሳም» ስትል ጀመረች። «ገመዱን የፈታው ሰው አየሩ እንደሚበከል፣ ቅጠል ሁሉ እንደሚረግፍ አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ስለዚህ አንዱን ቁጥቋጦ ከዚያ አወጣው። ሟቹ ራሱ አውጥቶት ቢሆን ኖሮ በዚያ ውርጭ እሱን ደጅ አሳድሮ ሌሎቹን አያሞቅም።»

«ታዲያ ጨርቁ የዚህ ልጅ ነው» አለ ጆስ ክሌመንትን ሳያየው።

«ጨርቁ የእሱ ነው። ግን አስቡት። እሱ ቢሆን ሁለቱን ያወጣ ነበር፤ ቃል የገባው ሁለቱን ነው። እርስዎ ቢሆኑ አቶ ሬልፍ...»

«ሎሚዬን!»

«ሎሚዎን። ሰው የሚያድነው የራሱን ነው። የወጣው የዊልፍ ቁጥቋጦ ብቻ ነው። ከነጩ ጨርቅ ሥር ደግሞ ደረቅ ፈርን አገኘሁ። ጨርቁ ክሌመንትን ለማስጠርጠር በቂ ነበር፤ ጨርቅ ብቻ ግን ሥር አያድንም። ያለበሰው ሰው እያወቀ ሥሩን ለውርጭ መተው አልቻለም።»

ማንም ወደ ዶሪን አልዞረም። ሄስተር ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሁሉም ስለ ተክሉ ጠየቀኝ፣ በሬሳው ፊት ሳይቀር። እርስዎ ብቻ አልጠየቁም። ከባልዎ የቀረዎት አንድ ነገር እዚያ ውስጥ ነበር፤ ግን አልጠየቁም። ደህና መሆኑን ያውቁ ነበር።»

«እትዬ ዶሪን፣ አይደለም በሏት!» አለ ክሌመንት። «ተክሉን ለማበላሸት ብቻ ነው፣ አጎቴ መኖራቸውን አላየሁም በሏት!»

«ቁጥቋጦው ከወንበሩ ጀርባ ነበር» አለች ሄስተር። «በእግሩ በኩል ሳያልፉ ማውጣት አይቻልም።»

ዶሪን ጓንቷን አውልቃ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።

«እያንኮራፋ ነበር» አለች። «እግሩን አንስቼ ጣውላውን አሳለፍኩና መልሼ አስቀመጥኩለት። አልነቃም። ገመዱን እያወቅሁ ነው የፈታሁት፤ ለምን እዋሻለሁ? ዊልፍን ለማያውቁት ሰዎች ሊሰጥብኝ ነው እንጂ ሌላ አልታየኝም። ይሁን። እኔን ውሰጂኝ። ዛፉ ተርፏል። ክሌመንት፣ አንተን ማስጠርጠሬ ክፉ ሥራ ነበር። ግን ለማንም እንዳትሰጠው። እዚሁ ይቁም፣ ያፍራ።»

ክሌመንት ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «አያፈራም» አለ።

«ምን?»

«ብቻውን አያፈራም፣ እትዬ። ፌጆዋ ሌላ ፌጆዋ ይፈልጋል። አጎቴ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ በቀለም ብሩሽ ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው ዱቄቱን እየወሰዱ ነበር የሚያስይዙት። ሲያደርጉት እኔ የቆሙበትን ወንበር እይዝላቸው ነበር። ዊልፍ ቤት እያለ አፍርቶ ያውቃል?»

ዶሪን ጓንቷን ከጉልበቷ ላይ አነሳች። «ያብብ ነበር» አለች። «ዊልፍ ሁልጊዜ "ለከርሞ ያፈራል" ይል ነበር። ሳይቀምሰው ሞተ።»

«አጎቴ ያውቁ ነበር። ንገሯት ስላቸው "ዊልፍ ዕድሜውን በከንቱ ደከመ ማለት ይሆንባታል፤ ተወው" አሉኝ። ከእሱ ዛፍ የምትገኘውን የመጀመሪያዋን ፍሬ እሳቸው አልቀመሱም። ለእርስዎ ነበር የሚያመጡት።»

«ሌላው አለ አይደል?» አለች ዶሪን ወደ ሄስተር ዞራ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ተሰበረ። «የአይዛክ ዛፍ አለ አይደል? ቅጠል ቢረግፍ እኮ ያቆጠቁጣል!»

የመለሰው ጆስ ነው።

«በሩ ተከፍቶ ሳምንቱን ሙሉ ውርጭ ገባበት። ትናንት ትእዛዙን ጥሼ ገብቼ ቅርፊቱን በጥፍሬ ፋቅሁት። እስከ ሥሩ ቡናማ ነው።»

«ሌላ እንተክላለን» አለ ክሌመንት፣ ግን እሱም አላመነበትም።

«ከዘር ተተክሎ እስኪያብብ?» አለች ዶሪን። «እኔ ያኔ የት ነኝ?»

ኢንስፔክተር ሄስተር ወንጀለኛ በያዘች ቁጥር እራቷን በደንብ የምትበላ ሰው ነበረች። በዚያ ቀን ምግብ የሚባል ነገር አላሰኛትም። የመስታወት ቤቱን በር ያስከፈተችው እሷ ናት። ሕጉ ለዚያ አይጠይቃትም።

ሳጅኑ ዶሪንን ክንዷን ደግፎ ወደ መኪናው ሲወስዳት መንገዱ በደቡቡ ግንብ ሥር ያልፋል። ቁጥቋጦው ነጭ ጨርቁን እንደለበሰ ቆሟል። ዶሪን ቆም ብላ የላላውን የጨርቁን ጫፍ ሳበችና በደንብ ሸጎጠችው። ጆስ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሊሰናበታት ፈለገ፤ ምን እንደሚባል ግን አላወቀም። ዕድሜውን ሙሉ ውርጭ ባደረ ቁጥር የሚለው ነገር ሳያስበው ከአፉ ወጣ።

«ምን ሞተብሽ ዶሪን?»

እሷም እንደ ልማዷ መልስ ልትሰጠው አፏን ከፈተች፤ ከየትኛው መጀመር እንዳለባት ግን ጠፋት። ሳጅኑ የመኪናውን በር ይዞላት ሲጠብቅ ጆስን እያየች ብዙ ቆመች።