ማዶ ያለው ሱቅ

«ያቺን ብጣሽ ደግሞ ምን ብላ ነው የምትመልስላት?» አለች ሔዋን በመስኮቱ አሻግራ እያየች።

ማዶ ካለው ልብስ ስፌት በር ላይ ፋኢዛ ለደንበኛዋ ቀሚሷን አስረክባ፣ ከጨርቁ የተረፈችውን መዳፍ የማታክል ቁራጭ አጣጥፋ፣ ትርፍ ቁልፍ ሰክታባት እየሰጠቻት ነው። ሴትዮዋ ወርቅ የተሰጣት ይመስል ፊቷ በራ።

«አንቺ ሥራሽን ሥሪ» አሉ አባቷ አቶ ይስማው ከስፌት መኪናቸው ቀና ሳይሉ። እሳቸው የተረፈ ጨርቅ ሁሉ የትራስ መሙያ ጆንያ ውስጥ ነው የሚከቱት።

ሔዋንና ፋኢዛ አሥረኛ ክፍል አብረው ይማራሉ። የሔዋን ስፌት ከፋኢዛ ይበልጣል፤ ይህን ፋኢዛም አትክደውም። ታዲያ ደንበኛው ዓይን የለውም? ሔዋንን እንቅልፍ የሚነሳት ይኸው ነበር።

ዓርብ ቀትር ላይ ፋኢዛና አባቷ ሱቃቸውን ዘግተው ለጁምዓ ሄዱ። አቶ ይስማውም ክር ሊገዙ ወጣ ብለዋል። አንዲት ሴት የፋኢዛን በር አንኳኩተው ሲያጡ ወደ ሔዋን ተሻገሩ።

«የኔ ልጅ፣ የደብረ ወርቅ ሚኒባስ ሊሞላብኝ ነው። ለፋኢዛ ንገሪልኝ፤ የልጄ የሚዜ ቀሚስ እጅጌው እስከ እጇ አንጓ ይውረድ። አጭር ይሁን ብዬ ነበር። ክንዷን እሳት አቃጥሏት ጠባሳ አለባት፤ ሰው ፊት አልቆምም ብላ ታለቅሳለች። ነገ ጧት ሹፌሩ ይወስድልኛል፤ ሠርጉ እሑድ ነው።»

«እኛ ጋ ቢያሰፉ ምን ነበረበት፣ እትዬ?»

«አሰፍቼ አውቃለሁ እኮ። አሰፋፋችሁስ ደህና ነበር። ግን በመጣሁ ቁጥር ስሜን እንደ አዲስ ትጠይቂኝ ነበር። ሽታዬ ነኝ» ብለው እየተጣደፉ ሄዱ።

ሔዋን በጥፊ የተመታች ያህል ፊቷ ጋለ።

«ያቺ አሁን የወጣችው ማን ነበረች?» አሉ አቶ ይስማው ሲመለሱ።

«መንገድ ጠይቃኝ ነው።»

ፋኢዛ መጥታ ሱቋን ስትከፍት እጇን አወዛወዘችላት። «ሔዊ፣ ሒሳቡን ሠራሽው?»

«ገና» አለች ሔዋን። ስለ እጅጌው ዝም ብትል ማን ያውቅባታል? ቀሚሱ በአጭር እጅጌ ደብረ ወርቅ ይደርሳል፤ ወሬውም እዚህ ደብረ ማርቆስ ይመለሳል። ያኔ እስኪ ብጣሽ እያጣጠፈች ትታረቃቸው።

ፋኢዛ የሚዜ ቀሚሱን ሰማያዊ ጨርቅ ዘርግታ በጠመኔ ማስመር ጀመረች። ሔዋን ጨርቁን ስታይ ባለ ጠባሳዋ ልጅ በዓይነ ሕሊናዋ መጣችባት። ሚዜዎቹ መሀል ቆማ፣ ክንዷን ነጠላዋ ሥር ደብቃ። ፋኢዛ መቀሱን አነሳች።

ሔዋን መንገዱን ተሻገረች።

«እሱን አትቁረጪው። እትዬ ሽታዬ መጥተው ነበር። እጅጌው ረጅም ይሁን ብለዋል፤ ልጅቷ ክንዷ ላይ ጠባሳ አላት።»

«መቼ መጡ?»

«ቅድም። ልነግርሽ አልፈለግሁም ነበር።»

ፋኢዛ አየቻት። ተቆጥታም ይሁን ተገርማ አልታወቀም። ከዚያ መቀሱን አስቀመጠች። «የትኛው ክንዷ ነው? ገበሩ እንዳይፈትጋት በዚያ በኩል ለስላሳ ላድርግላት።»

ሔዋን ይህን አልጠየቀችም ነበር። ሊጠየቅ እንደሚችልም አላሰበችም።

«ሚኒባሱ ገና አልሞላም ይሆናል» አለችና ወደ መናኸሪያው ሮጠች።