ስሙ የተገለበጠ ሰው

ምናለ ደሳለ ላሊበላ ባለ ክሊኒክ ፔኒሲሊን ተወግቶ አምስት ደቂቃ ሳይሞላው ሞተ። መድኃኒቱ እንደማይስማማው የሚያውቁት ሁለቱ፣ በዚያ የ2005 ዓ.ም. የክረምት ቀን ከላሊበላ ውጭ ነበሩ፤ አባቱ ሙጃ፣ እጮኛው ሰብሌ ኩልመስክ። እሱ ደግሞ ከትኩሳቱ የተነሳ መናገር አቅቶት ነበር።

የክሊኒኩን የበሽተኞች ካርድ የሚያወጣውን የኮምፒውተር ፕሮግራም የጻፈችው ሰብሌ ናት። በማግሥቱ ፖሊሶች ሊያስሯት መጡ። ኢንስፔክተር አመተ ጊዮርጊስ ግን ሰው ከማሰሯ በፊት ወንበር ስባ መቀመጥ የምትወድ ሴት ናት። የታሸገውን ካርድ ክፍል አስከፍታ ሁሉንም ሰበሰበች። ጭጋጉ ደጃፉ ድረስ መጥቷል።

«ስህተቱ የቱ ጋ ነው?» ብላ ሰብሌን ጠየቀቻት።

«አንዱ ፈንክሽን፣ ማለት አንዱ የፕሮግራሙ ክፍል፣ ሁለት ነገር ይመልሳል፤ መጀመሪያ ስም፣ ከዚያ የአባት ስም» አለች ሰብሌ፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ። «ተቀባዩ መስመር በዚያው ተራ መቀበል አለበት። እዚህ ግን የአባት ስም ቀድሟል። ምናለ ደሳለ ሲባል ደሳለ ምናለን አወጣ።»

አባትየው ደሳለ ምናለ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ለልጃቸው የአባታቸውን ስም ያወጡለት እሳቸው ናቸው።

«የኔ ካርድ ነው የወጣው?» አሉ።

«ሁለቱም ስም ስላለበት አላስተዋልኩም፤ መድኃኒት የሚከለክል ነገርም አልነበረበትም» ብላ ነርሷ ወለተ ሩፋኤል አለቀሰች።

የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ሙሉሃብት ጉሮሮውን ጠረገ። አምና ለሰብሌ ሽማግሌ ልኮ እምቢ እንደተባለ ከተማው ሁሉ ያውቃል።

«ፕሮግራሙ ከመጀመሪያውም የተበላሸ ነው። እኔ የወጣውን ካርድ ነው የሰጠሁ።»

«ሲስተር፣ በዚያ ቀን ከምናለ በፊት ስንት ሰው አየሽ?» አለች ኢንስፔክተሯ ወደ ነርሷ ዞራ።

«አሥራ አንድ። የሁሉም ካርድ ወጥቷል።»

«እስቲ የአንዱን ስም አሁን ጻፊ።»

ጻፈች። ማሽኑ «የለም» አለ። ሌላም ጻፈች። «የለም።»

«ስም ሲገለበጥ ሌላ ሰው የሚያወጣው በእነዚህ አባትና ልጅ ብቻ ነው» አለች ኢንስፔክተሯ። «ለሌላው ሁሉ ‹የለም› ይላል። እንግዲህ ለአሥራ አንድ ሰው ደህና የነበረው ፕሮግራም ለአሥራ ሁለተኛው ተገለበጠ። ሰብሌ ኩልመስክ ነበረች። ሲስተር ከበሽተኛው አጠገብ አልተነሳችም። ከሞቱ በኋላ ክፍሉ ታሽጓል። ማሽኑ ፊት የነበርከው አንተ ነህ ሙሉሃብት፤ አሠራሩንም ያስተማረችህ ሰብሌ ራሷ ናት፤ የምናለ ካርድም በእጅህ ነበር። እሱን በመርፌ ገድለህ እሷን በገዛ ፕሮግራሟ ልታሳስር ነበር።»

ሙሉሃብት ቀና አላለም።

ሰብሌ ተነስታ ሁለቱን ቃላት ወደየቦታቸው መለሰች። «ምናለ ደሳለ» ብላ ጻፈች። ካርዱ ወጣ። አምና በገዛ እጇ በቀይ ያስገባችው መስመር ከላይ አለ።

አባትየው ማንበብ አይችሉም። «ምን ይላል ልጄ?» አሏት።

«ፔኒሲሊን እንዳትሰጡት ይላል፣ አባቴ።»